የላቮን ሕመም ሁልጊዜ ሦስት ነው

የሐኪም ቤታችን ፎቶ አንሺ ላቮን ሳሪ ሰውን ኤምአርአይ በሚባለው የምርመራ ማሽን ቱቦ ውስጥ ከትታ በማይክሮፎን የምትናገራት አንዲት ቀልድ አለቻት። «እንግዲህ ስድስት ደቂቃ እንዳትነቃነቅ። ከተነቃነቅክ ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ እኔ እንደሆንኩ በሰዓት ነው የሚከፈለኝ፣ ግዴለኝም።» በከተማችን ይህችን ቀልድ ያልሰማ ጀርባ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከተማችን በሰሜን ሚኒሶታ፣ ከብረት ማዕድኑ ጉድጓድ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ወንዱ ማዕድን ሲቆፍር፣ ዛፍ ሲጥል፣ በረዶ ሲዝቅ ኖሮ ስድሳ ሳይሞላው ወገቡን ይዞ ላቮን ዘንድ ይመጣል። ሴቱም ቢሆን አይቀርም።

ቀልዷ ያረጀች መሆኗን ታውቃለች። የማትቀይራት ግን በምክንያት ነው። ቱቦ ውስጥ የተኛ ሰው ምንም አያይም፤ ሁለመናው ጆሮ ነው። ማሽኑ ቆርቆሮ እንደሚመታ መዶሻ ሲደበድብ ቆይቶ ጸጥ ሲል፣ ከመስተዋቱ ወዲያ ያለችውን ሴት ድምፅ ነው የሚጠብቀው። ድምፅዋ ከዘገየ ወይም ድንገት ከለሰለሰ፣ ሐኪሙ ፎቶውን ሳያነብ ሰውዬው ራሱን ቀብሮ ይጨርሳል። ስለዚህ ላቮን ስክሪኑ ላይ ንጹሕ አከርካሪ ብታይም፣ አጥንት የሚበላ እጢ ብታይም፣ ያችኑ ቀልድ በዚያው ድምፅ ትናገራለች። ፎቶውን አንብቦ «ይህ ነው» የሚለው ሐኪም ነው፤ እሷን ቢያፋጥጧትም አትተነፍስም።

«ድንገት ‹የኔ ጌታ› ያልከው ዕለት ሰውዬው መናዘዝ ይጀምራል» ትለዋለች የሥራ ባልደረባዋን ከርቲስ ማኪን።

«እኔ ማንንም የኔ ጌታ አልልም።»

«አውቃለሁ። አንተ የምትለው ዝም ነው። እሱ ደግሞ ከዚያ ይብሳል።»

ከርቲስ ሃምሳ ዓመት ሞልቶት ሲስቅ ያየው ሰው የለም፤ እናቱም አላየሁም ትላለች። ላቮን ግን ተስፋ አትቆርጥም። አንድ ጊዜ የፓይክ ዓሣ ጭንቅላት በጋዜጣ ጠቅልላ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተችለት፤ ቀኑን ሙሉ ሳቋን አፍና ጠበቀች። ማታ ከርቲስ ካፖርቱን ለበሰ፣ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ «ደህና እደሪ» ብሎ ወጣ። በማግሥቱ «ሾርባው ጥሩ ነበር፤ ለሌላ ጊዜ ጅራቱንም ጨምሪበት» አላት። ላቮን ሳምንት ሙሉ አኮረፈች።

የአገራችን ሰው ጠባይ ካልተነገረ የላቮን ጉድ አይገባም። አያቶቻችን ከፊንላንድና ከኖርዌይ በመርከብ ሲመጡ ሳውና የሚሉትን የእንፋሎት መታጠቢያና ዝምታን ይዘው ነው የመጡት፤ ሁለቱንም እስከ ዛሬ እንጠቀምባቸዋለን። እኛ ዘንድ «አመመኝ» ማለት ሰው ፊት ሱሪ እንደ መፍታት ነው። «እንዴት ነህ?» ለሚል መልሱ «አይከፋም» ነው፤ ቤቱ የተቃጠለበትም የሚለው ይህንኑ ነው። ሐኪም ቤት ሄዶ «ሕመምህ ከአንድ እስከ አስር ስንት ነው?» ሲባል የኛ ሰው «ሦስት» ይላል። አንድ ቢል፣ ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ ይሉታል፤ አራት ካለ ደግሞ አለቀሰ ማለት ነው። ኦርቪል የሚባል እንጨት ቆራጭ ዛፍ እግሩ ላይ ወድቆበት ሦስት ብሏል፤ ወለሉን በደም ስላቆሸሸም ይቅርታ ጠይቋል።

የራጅ ሐኪሟ፣ ሰው ስለሚያንስ በሽተኛም የምታየው ዶክተር ቲቦዶ፣ ከወዲያ ከደቡብ፣ ከሉዊዚያና ነው የመጣችው። እሷ ያደገችበት አገር የአንድ ሰው ጣት በር ከቆነጠጠው ሦስት ሰፈር ይሰማል። መጀመሪያ ዓመት የኛን ሰው ሦስት እውነተኛ ሦስት መስሏት፣ ፎቶ ሳታስነሳ በአስፕሪን ስትሸኝ ከረመች። በመጨረሻ ላቮን ኮሪደር ላይ ያዘቻት።

«ዶክተር፣ የዚህ አገር ሦስት እኮ ሦስት አይደለም።»

«ስንት ነው ታዲያ?»

«እንደ ሰውዬው ነዋ። ‹ጫማህን ማን ያስርልሃል?› በይው። ሚስቴ ካለ ስምንት ነው። ‹ሌሊት የት ነው የምትተኛው?› በይው ደግሞ። ወንበር ላይ ካለሽ ሳትውይ ሳታድሪ እኔ ዘንድ ላኪው።»

ሁለተኛውን ዶክተሯም ታውቀዋለች። ተራ የወገብ ሕመም ጋደም ሲሉ ቀለል ይላል፤ ጋደም ሲሉ የሚብሰው፣ ሰውን ከአልጋው አስነስቶ ወንበር ላይ የሚያሳድረው ግን ያስጠረጥራል፤ አከርካሪው አካባቢ ያልተጠራ እንግዳ ሊኖር ይችላል። የጫማውን ጥያቄ ግን ወደደችው።

«አንቺስ የት ነው የምትተኚው?» አለቻት ለቀልድ።

«ከሩበን ጋር። እሱም ከበሽታ አይተናነስም።»

ይህን ባለች በዓመቱ ላቮን ወንበር ላይ መተኛት ጀመረች።

መጀመሪያ በሁለቱ ትከሻዎቿ መካከል ሚስማር የመሰለ ነገር ወጋት። ቀን ቀን ይተዋታል፤ ጎኗን ስታሳርፍ ይነሳል። ባሏን ሩበንን «ማንኮራፋትህ አላስተኛኝ አለ» ብላ ብርድ ልብሷን ይዛ ሳሎን ገባች። ሩበን ማንኮራፋቱ እውነት ነው፤ ግን ከተጋቡ ጀምሮ ሲያንኮራፋ ነው የኖረው። የገና በዓል ሲቃረብ ደረቷን ዙሪያውን በጠፍር የታሰረች ያህል ጨመደዳት። በጥር ደግሞ እግሮቿ ከዷት። ወለሉ ስፖንጅ የተነጠፈበት ይመስላታል፤ ደረጃ የምትወርደው እግሯን እያየች ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በተዘጋጀ እራት ላይ ትሪ ሙሉ የተጋገረ ድንች በቺዝ ይዛ ስትመጣ ተደናቀፈችና ምግቡ ከነትሪው ፓስተሩ ጭን ላይ ዐረፈ። «ሲሰብኩ እንዳይበርዳቸው ብዬ ነው» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሩበን አልሳቀም።

ማሰሪያ ያላቸውን ጫማዎቿን ለእህቷ ልጅ ሰጥታ ሹልክ ተደርጎ የሚገባ ጫማ ገዛች። ቀለሙ ደስ ብሎኝ ነው አለች። ቀለሙ ቡናማ ነበር።

ይህን ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ቢነግሯት ሰውዬውን እጁን ጎትታ ቱቦ ውስጥ ትከተው ነበር። ጀርባዋ ውስጥ አንዳች ነገር ህብለ ሰረሰሯን እየተጫነው እንደሆነ፣ ቶሎ ካልተነሳላት እግሮቿ ላይመለሱ እንደሚችሉ ከማንም ይበልጥ ታውቃለች። የፈራችውም ስለምታውቅ ነው። ፎቶ እስካልተነሳ ድረስ እርጅና ነው፤ ከተነሳ በኋላ ስም ይወጣለታል። የከተማውን ዋሾ ሁሉ ስታጋልጥ የኖረች ሴት ራሷን እየዋሸች የበረዶውን ወራት ገፋች።

አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ባልና ሚስቱ እንደ ልማዳቸው ሳውና ገቡ። ሩበን ድንጋዩ ላይ ውኃ ረጭቶ እንፋሎቱ ጋብ ሲል የተቃጠለ ሥጋ ሸተተው።

«ላቮን! እግርሽ!»

«እግሬ ምን ሆነ?»

«ምድጃውን ተደግፏል!»

ዝቅ ብላ አየች። የግራ ቅልጥሟ የጋለ ብረት ላይ ተለጥፏል፤ ቆዳው ተልጧል። ምንም አልተሰማትም። እግሯን በእጇ አንስታ እንደ ሰው ዕቃ ወዲያ አስቀመጠችውና «አይከፋም» አለች።

ሩበን የአውራጃውን መኪና እየነዳ በረዶ ከመንገድ የሚጠርግ ሰው ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም፣ አንዴ ከገባው ግን አይወጣም። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከከርቲስ ጋር ዓሣ ሊያጠምዱ በበረዶ የረጋው ሐይቅ ላይ ወጡ። ከርቲስ እዚያ ከጣውላ የሠራት የቁም ሣጥን የምታህል ጎጆ አለችው። ሁለቱ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና በረዶው ላይ በተቦረቦረው ቀዳዳ ክራቸውን አወረዱ።

«ላቮን» አለ ሩበን በመጨረሻ።

«ምን ሆነች?»

«እግሯ ተቃጠለ።»

«አመማት?»

«አላመማትም። እሱ ነው ያሳሰበኝ።»

ከርቲስ ቀና አለ። «እንዴት ነው የምትራመደው?»

«እንደ ሰከረ ሰው።»

«የምትተኛውስ?»

«ወንበር ላይ።»

ከርቲስ የማጥመጃውን ክር ጠቅልሎ አስቀመጠ። ቀዳዳው ውስጥ ዓሣ ክሩን እየጎተተ ነበር፤ እሱ ግን ጠቀለለው። በኛ አገር ሚዛን ይህ ደረት ከመድቃት አይተናነስም።

«ብትጠይቃት ምን ትላለች?»

«ሦስት።»

«እንግዲያ ማታለል ነው» አለ ከርቲስ።

ሰኞ ጠዋት ሩበን ቆቡን በእጁ እያሻሸ ዶክተር ቲቦዶ ቢሮ ገባና የሆነውን ተናገረ። ዶክተሯ ዘላ ተነሳች፤ አሁኑኑ ሄጄ እጮኽባታለሁ አለች። «አይሆንም» አለ ሩበን። «ከጮኽሽባት ሥራ ትለቃለች እንጂ አትገባም። አውቃታለሁ።» ዘዴውን ሲነግራት አጉረመረመች፤ በኋላ የምርመራውን ትእዛዝ ጻፈች፤ ግን ላቮን ራሷ እሺ ሳትል መርፌ የሚባል እንዳይነካት ብላ ከርቲስን አስጠነቀቀችው።

ዘዴው ቀላል ነበር። ለማሽኑ አዲስ የአከርካሪ መቅረጫ ዕቃ መጥቶለታል። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ከሠራተኛው መሃል አንድ ጤነኛ ሰው ተኝቶ ይሞከርበታል፤ የሙያው ደንብ ነው። ላቮን በዚህ ደንብ ያላስገባችው ሰው የለም፤ እሷ ብቻ ገብታ አታውቅም።

«ነይ ተኚ» አላት ከርቲስ።

«አግብቻለሁ።»

«ለዕቃው ነው።»

«አንተ ተኛ።»

«ሁለት ጊዜ ተኝቻለሁ። አንደኛውን ረስተሽኝ ምሳ ሄደሻል።»

«አልረሳሁም፤ እያወቅኩ ነው። የጽዳቷን ሴት ጥራት።»

«ልቧ ላይ ባትሪ አለባት።»

«ጥበቃውን።»

«ሆዱ አያስገባውም።»

ላቮን ሌላ ስም ፈለገች። እውነቱን ለመናገር አጥብቃ አልፈለገችም፤ ከልቧ ጥግ የምትኖር አንዲት የደከማት ላቮን «ግቢ፣ ይብቃሽ» እያለቻት ነበር። ቀለበቷን አወለቀች፣ ጫማዋን ሹልክ አደረገች፣ አልጋው ላይ ወጣች። በጀርባዋ ስትጋደም ሚስማሩ እስከ ደረቷ ዘለቀ፤ ጥርሷን ነክሳ ጣሪያውን አየች። አልጋው ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ይዟት ገባ።

ማሽኑ መደብደብ ጀመረ። ስንቱን ሰው እዚህ ስትከት የኖረች ሴት፣ ቱቦው ይህን ያህል አፍንጫዋ ሥር መሆኑን አሁን ገና አየች። ድብደባው ቆመ። ጸጥ አለ። ጸጥታው ረዘመ፤ ላቮን አልደነገጠችም፣ ከርቲስ ሲወለድም ዝም ብሎ ነው የተወለደው። ቀጥሎ ማይክሮፎኑ ቀጭ አለ።

«እንግዲህ ስድስት ደቂቃ እንዳትነቃነቂ» አለ ከርቲስ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ከተነቃነቅሽ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። እኔ እንደሆንኩ በሰዓት ነው የሚከፈለኝ፣ ግዴለኝም።»

የላቮን ወሽመጥ ቁርጥ አለ። ይህ ሰው አጠገቧ ሲሠራ ይህን ያህል ዘመን አንድ ቀን ቀልዶ አያውቅም። ከርቲስ ከቀለደ አንድ ነገር አይቷል። ማንንም እንዳያስደነግጥ ያስተማረችውን ዘዴ፣ የፈተና መልስ እንደሚያነብ ተማሪ፣ ቃል ሳይሳሳት አነበበላት። ላቮን ቱቦው ውስጥ ሆና የምትስቀው ይሁን የምታለቅሰው ራሷም አላወቀችም።

ስድስቱ ደቂቃ ሲያልቅ አልጋው ወጣ። ከርቲስ መርፌ ይዞ አጠገቧ ቆሟል። እሱ ማቅለሚያው ነው፤ ደም ውስጥ ሲገባ እጢን ፎቶው ላይ የሚያበራ።

«ለዕቃ ሙከራ ማቅለሚያ አይወጋም» አለች ላቮን።

«አይወጋም።»

«ማን አዘዘ?»

«ቲቦዶ። እሺ ካልሽ ብቻ ብላለች።»

«ሩበንስ የት ነው?»

«መጠበቂያው ክፍል። ፓስቲ ይዞ። ሥጋና ድንች የታሸገበት ዳቦ።»

«ወጥመድ አጠመዳችሁብኝ።»

«አዎ።»

«አየኸው?»

«ለበሽተኛ አይነገርም» አለ ከርቲስ። «አንቺ ነሽ ያልሽው።»

ላቮን ሳቀች። ሳቋ ጀርባዋን ወግቷት እንባዋን አወረደው፤ ግን አላቆመችም። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። «በግራ ውጋኝ። የቀኙ ደም ሥር ይሸሻል።» ተመልሳ ስትገባ ሳቁ እንደገና መጣባት፤ የመጀመሪያው ፎቶ ድብዝዝ ብሎ ተበላሸ። ማይክሮፎኑ ቀጭ አለና ከርቲስ «ነግሬሽ ነበር» አላት፤ ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ሲጨርሱ ስክሪኑን አሳዩኝ አለች። ዶክተር ቲቦዶ መጥታ ወንበር ሳበችላት፤ ሩበን ፓስቲውን እንዳቀፈ ከኋላቸው ቆመ። ላቮን ሐኪሟ አፏን ሳትከፍት አየችው። ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ አከርካሪዋ ቦይ ውስጥ፣ የአደንጓሬ ፍሬ የሚያህል ነገር ነጭ ሆኖ ያበራል። ህብለ ሰረሰሯን ወደ ግድግዳ ገፍቶ እንደ ጥብጣብ ጠፍጥፎታል።

«ዋናው ነገር የት እንደተቀመጠ ነው» አለች ዶክተሯ። «አጥንቱን ይዞ ቢሆን ከሌላ ቦታ የመጣ ካንሰር ይሆናል ብዬ ሳንባሽን ጡትሽን ስፈትሽ እከርም ነበር። ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ቢሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ይህ በሽፋኑና በህብለ ሰረሰሩ መሃል ነው ያለው። ማቅለሚያውን እኩል ጠጥቷል፤ እዚህ ጋ ሽፋኑን ተከትሎ ጅራት አውጥቷል፣ አየሽው? እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፤ ቀስ እያለ የሚያድግ ነው። እርግጡ የሚታወቀው ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።»

«ክፉ ካልሆነ ምን ያጣድፈናል?»

«ክፉ ባይሆንም የህብለ ሰረሰርሽን ቦታ ቀምቶታል። ሌላ ወር ብትቆዪ እዚህ በእግርሽ አትመጪም ነበር። በዚህ ሳምንት ቀዶ ጥገና ትገቢያለሽ።» ብዕሯን አነሳች። «ሕመምሽ ከአንድ እስከ አስር?»

«ሦስት።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩዋት።

«አንቺ ሴትዮ!» አለች ዶክተር ቲቦዶ፤ የሉዊዚያና ድምፅዋ ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ። «ኮሪደር ላይ ይዘሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ከልማድ ነው» አለች ላቮን፣ አፍራ።

ቀዶ ጥገናው የሚደረገው በስተደቡብ ባለው ትልቅ ከተማ ነው። ሩበን በረዶ በተጋገረበት መንገድ ሲነዳ ላቮን መስኮቱን ተደግፋ ዝም አለች። ሩበን ዝምታዋ ፍርሃት መስሎት ሬዲዮ ከፈተላት። ፍርሃትም ነበረባት፤ ግን እሷ ፍርሃት ሲይዛት ተንኮል ነው የምታስበው፤ መንገዱን ሙሉ ስትጠነስስ የሄደችው ተንኮል ነበር። ከቀዶ ጥገና የነቃን ሰው መጀመሪያ «የእግርህን ጣቶች አንቀሳቅስ» እንደሚሉት ታውቃለች። እንዲያ ሲሏት ድርቅ ብላ ትተኛለች፤ ሁሉም ሲደናገጥ እግሯን ወደ ላይ ትወረውራለች። ወጥመድ ላጠመደባት ለሩበን መበቀያ ይሆናል።

ነርሷ ቶያ የምትባል፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ትልቅ ሴት ናት። ላቮን ወደ ቀዶ ጥገናው ሲገፏት ተንኮሏን በነርሷ ጆሮ ሹክ አለቻት።

«እንዳትስቂብኝ አደራ።»

«አንቺ ልብ የለሽም እንዴ?» አለች ቶያ።

«ልቤ ደህና ነው። የተበላሸው ጀርባዬ ነው።»

ቶያ ምሥጢር አይቆይላትም። ላቮን ከማደንዘዣው ስትነቃ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ሃውገን ቀድሞ ሰምቷል፤ አጠገቧ የቆሙት ሁለቱ ረዳቶችም ሰምተዋል። ያልሰማው ሩበን ብቻ ነው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቆቡን ይዞ ቆሟል።

«ሁሉም ወጥቷል» አለ ዶክተር ሃውገን። «ከሽፋኑ ላይ ጠርገን አንስተነዋል። ቁራጩን አስቀድሞ ያየው ሐኪምም ክፉ አይመስልም ብሏል። እስቲ አሁን የእግርሽን ጣቶች አንቀሳቅሺልኝ።»

ላቮን አፏ ደርቋል፤ ጀርባዋ ይነድዳል። ተንኮሏ ትዝ አላት። ቀና ስትል ግን የሩበንን ፊት አየችው። አመዱ ወጥቷል። አንጀቷን በላው፤ ቀልዱ ይቅር፣ ላንቀሳቅስለት አለች።

እግሯ አልታዘዘም።

እንደገና ሞከረች። ብርድ ልብሱ ቅንጣት አልተነቃነቀም። ቶያ አፏን በእጇ ከደነች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይርገፈገፋል። አንዱ ረዳት ለሌላው ጠቀሰው።

«እንቢ አለኝ» አለች ላቮን።

«ኧረ ጎበዝ!» አለች ቶያ። «ወይ ተዋናይ!»

«አልቀለድኩም።»

ይህን ስትል ጭራሽ ባሰባቸው፤ ቀልደኛ ሰው ሌላ ምን ይላል? ዶክተር ሃውገን ራሱ ፈገግ ብሎ ጠበቃት። ላቮን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት አየች፤ ሁሉም ይስቃል። ዕድሜ ልኳን ሰውን ማሳቅ አቅቷት አያውቅም፤ አሁን ግን ማስቆም አቃታት።

ሩበን ቆቡን ጣለ። ብርድ ልብሱን ገልጦ ሁለቱንም እግሮቿን በእነዚያ መሪ በሚይዙ ሻካራ እጆቹ ጨብጦ ያዘ።

«ዝም በሉ» አለ። «እየቀለደች አይደለም።»

«እንዴት አወቅክ?» አለች ቶያ።

«እያለቀሰች እኮ ነው።»

ላቮን እንባዋ መውረዱን አላወቀችም ነበር። «ሩበን» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ልጅ ሆነ። «ፈራሁ። በጣም ያመኛል፣ አልቻልኩም፣ ፈራሁ።» በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። ቶያ ፊቷ ቀልቶ ወደ መድኃኒት ጠረጴዛው ዞረችና የሕመም ማስታገሻ አዘጋጀችላት።

ዶክተር ሃውገን ፈገግታውን ሰብስቦ ጎንበስ አለ። በመርፌ ጫፍ ቅልጥሟን ነካ ነካ አደረገ፣ ጉልበቷን መታ መታ አደረገ። «ይሰማታል፤ እሱ ጥሩ ነው» አለ። «ህብለ ሰረሰሩ ብዙ ወር ተጭኖት ነው የቆየው፤ አንዳንዴ እስኪነቃ ጊዜ ይወስዳል። ቃል ግን አልገባም።»

«ሞክሪ» አለ ሩበን።

«ሞከርኩ።»

«እኔ እጅ ውስጥ ሞክሪው።»

ዓይኗን ጨፈነች። ሩበን መዳፉ ላይ ምንም አልተሰማውም፤ አሁንም ምንም። ከዚያ የግራ እግሯ አውራ ጣት መዳፉን ነካ አደረገችው፤ ዓሣ ክር እንደምትነካ ያህል ነው፣ ሌላ ሰው ቢሆን አያስተውለውም ነበር።

«ይኸው» አለ ሩበን። «ይኸው። ድገሚው።»

ደገመችው። ቀኝ እግሯ እስከ ሚያዝያ አኩርፋ ቆይታ ነው የታረቀቻት፤ ሩበን ግን ያን ዕለት የግራዋን እግር፣ ቶያ ምሳ ይዛ እስክትመጣ ድረስ አልለቀቃትም።